ያለ ክፍያ የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ትምህርትና ተማሪው የሚከፍለው ዋጋ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር




በአገሩ ሳለ በሽምግልና ተቀምጦ የሚያስታርቅ፣ በዕድሩ ስብሰባ ተናግሮ የሚደመጥ፣ በገበያ ተከራክሮ የሚረታ ሰው፣ ስደት በባዕድ ምድር በጣለው ማግሥት በመድኃኒት ቤት መስኮት ፊት ቆሞ ሕመሙን በእጁ ለማመልከት ይገደዳል። ዕውቀቱም፣ ዕድሜውም፣ ማዕረጉም ከእርሱ ጋር ናቸው፤ እነዚህን የሚገልጽበት ቋንቋ ግን አብሮት አልተሻገረም። እንግሊዝኛ በሚነገርባቸው አገሮች መንግሥታት፣ የሃይማኖት ድርጅቶችና በጎ ፈቃደኞች ለስደተኞችና ለፍልሰተኞች ያለ ክፍያ የቋንቋ ትምህርት መስጠት የጀመሩት ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ የትምህርቱን ጠቃሚነት ማስረዳት አይደለም፤ ጠቃሚነቱ አከራካሪ አይደለምና። ዓላማው «ነጻ» የሚለውን ቃል መመርመር ነው። ትምህርት ቤቱ ገንዘብ ስላልጠየቀ ብቻ ትምህርቱ ለተማሪው ነጻ ሆኖአል ማለት አይቻልም። የተማሪው ዋጋ የሚጻፈው በሌላ መዝገብ ላይ ነው፤ ይኸውም ከሥራ በቀረበት ሰዓት፣ በአውቶቡስ ሒሳብ፣ ጠባቂ በሚፈለግለት ሕፃን፣ በጎደለ እንቅልፍ ይከፈላል። ስለዚህም የአንድ ትምህርት ነጻነት መለካት ያለበት ከሰጪው ወገን ሳይሆን ከተቀባዩ ወገን ነው። ይህ ሐሳብ ከዚህ በታች ከልዩ ልዩ አገሮች ልምድ በሚገኝ ማስረጃ ይቀርባል። የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የአሠራሩ አመጣጥ

ለመጤዎች ቋንቋ ማስተማር በመጀመሪያ የመንግሥት ሥራ አልነበረም። በ1889 ጄን አዳምስና ኤለን ጌትስ ስታር የተባሉ ሁለት ሴቶች በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ፣ ከአውሮፓ የመጡ የፋብሪካ ሠራተኞች በሚኖሩበት ሠፈር «ኸል ሐውስ» የተባለውን ቤት ከፈቱ። ቤቱ ከሚሰጣቸው አገልግሎቶች አንዱ የማታ ትምህርት ሲሆን፣ እንግሊዝኛም ከትምህርቶቹ መካከል ነበረ። በዚያው ቤት እናቶች ሥራ ሲውሉ ሕፃናት የሚጠበቁበት ክፍልም መኖሩ ሊዘነጋ አይገባም። እነዚያ ሴቶች መንደሩ ውስጥ ራሳቸው ይኖሩ ስለ ነበረ፣ የትምህርት ጥያቄና የሕፃን ጠባቂ ጥያቄ በአንድ ደጃፍ እንደሚገቡ ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባቸውም።

መንግሥት ሙሉ ኃላፊነት ወስዶ በሰፊው ለሠራበት ምሳሌ የምትሆነው አውስትራሊያ ናት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃበት በ1945 አገሪቱ የኢሚግሬሽን ሚኒስቴር አቋቁማ አርተር ካልዌልን የመጀመሪያው ሚኒስትር አድርጋ ሾመች። በ1947 ከዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ጋር ባደረገችው ስምምነት መሠረት፣ ጦርነቱ ከየአገራቸው ያፈናቀላቸውንና በአውሮፓ መጠለያ ሠፈሮች የተከማቹትን ሰዎች መቀበል ጀመረች። በጥቂት ዓመታት ውስጥ 170,000 ያህል ሰዎች ገቡ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በመጀመሪያ ያረፉት በቪክቶሪያ ክፍለ ሀገር በቦኔጊላ፣ ቀድሞ የጦር ሠራዊት በነበረ ሠፈር ውስጥ ነበር።

ዛሬ የጎልማሳ ፍልሰተኞች የእንግሊዝኛ ፕሮግራም ተብሎ የሚታወቀው ሥራ ታሪኩን የሚቆጥረው ከ1948 ጀምሮ ነው። ትምህርቱ በመጠለያ ሠፈሮች፣ በመርከብ ላይ፣ በከተሞች የማታ ክፍሎች፣ ከከተማ ርቀው ለሚኖሩት ደግሞ በደብዳቤና በሬዲዮ ይሰጥ ነበር። በአንድ ክፍል ውስጥ ፖላንዳዊ፣ ዩክሬናዊና ላትቪያዊ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ፣ መምህሩ የሁሉንም ቋንቋ ሊያውቅ አይችልም። በመሆኑም ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ብቻ፣ በዕለታዊ ኑሮ ሁኔታዎች ላይ ተመሥርቶ እንዲሰጥ ተደረገ። በ1971 ለዚሁ ትምህርት የተለየ ሕግ ወጣለት። በዚህ ረገድ አውስትራሊያ ለብዙ አገሮች አርአያ ሆናለች።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልምድ አንድ ጉድለት ገለጠ። እነዚያ ስደተኞች ወደ አገሪቱ የገቡት ለሁለት ዓመት መንግሥት በመደበላቸው ቦታ ለመሥራት ግዴታ ገብተው ነበር። ሐኪምና መሐንዲስ የነበሩት ጭምር በባቡር ሐዲድ፣ በመንገድ ሥራና በሸንኮራ አገዳ እርሻ ተሰማሩ። ቀኑን በጉልበት ሥራ የዋለ ሰው የማታው ክፍል ክፍት ሆኖ ቢጠብቀውም እንኳ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከእንቅልፍ ጋር መታገሉ የማይቀር ነው። በቤት የዋለችው እናት ደግሞ ከበሩ አልደረሰችም። ፕሮግራሙ ከጊዜ በኋላ በሥራ ቦታ የሚሰጡ ክፍሎችን፣ ወደ ተማሪው ቤት የሚሄዱ በጎ ፈቃደኛ አስተማሪዎችንና የሕፃናት ማቆያን የጨመረው ይህንኑ ጉድለት ተገንዝቦ ነው። ክፍያው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የለም፤ ነጻነቱ ግን በየጊዜው እየተጨመረ የመጣ ነገር ነው።

የ510 ሰዓት ነገር

ከ1990ዎቹ ጀምሮ በአውስትራሊያ እያንዳንዱ መብት ያለው ፍልሰተኛ እስከ 510 ሰዓት የሚደርስ ነጻ ትምህርት እንዲያገኝ ተወስኖ ነበር። ትምህርቱም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መጠናቀቅ ነበረበት። አነስተኛ ትምህርት ይዘው ለመጡ ስደተኞች ተጨማሪ ሰዓት ይፈቀድ ነበር። ይህ ቁጥር ከብዙ አገሮች አሠራር ጋር ሲነጻጸር ለጋስ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ነገር ግን ቁጥሩን በተማሪው ሕይወት ውስጥ አስገብቶ ማስላት ያስፈልጋል።

በሳምንት 20 ሰዓት መማር የሚችል ሰው 510ውን ሰዓት ከ26 ሳምንት ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። በሳምንት ሁለት ምሽት፣ በያንዳንዱ ምሽት ሦስት ሰዓት የሚማር ሠራተኛ ግን 85 ሳምንት ያስፈልገዋል። በእነዚህ 85 ሳምንታት ውስጥ የሥራ ፈረቃው ይለወጣል፣ ልጅ ይወለዳል፣ የቤት ኪራይ ጨምሮ ወደ ሌላ ሠፈር ይዛወራል። ለሁለቱ የተሰጣቸው መብት በወረቀት ላይ እኩል ነው፤ ከመብቱ የሚያገኙት ፍሬ ግን ፍጹም የተለያየ ነው።

የአማርኛ ተናጋሪው ተማሪ ሁኔታ በዚህ ላይ ሲታሰብ አንድ ሌላ ቁጥር አብሮ ሊጠቀስ ይገባል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም አማርኛን ከአስቸጋሪ ቋንቋዎች ተርታ መድቦታል። አንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሠልጣኝ አማርኛን ለሙያ ሥራው በሚበቃ ደረጃ ለመናገርና ለማንበብ 44 ሳምንት፣ ማለትም 1,100 ያህል የክፍል ሰዓት እንደሚያስፈልገው ይገምታል። ያ ሠልጣኝ የተማረ ሰው ነው፤ ደመወዙ አይቋረጥም፤ ቋንቋውን መማሩ ራሱ የመሥሪያ ቤት ሥራው ሆኖ ይቆጠርለታል፤ በክፍሉም የሚቀመጡት ጥቂት ሰዎች ናቸው።

እርግጥ ነው፣ ሁለቱ ተማሪዎች በሁሉም ነገር አይመሳሰሉም። ስደተኛው ቋንቋው በሚነገርበት አገር መኖሩ ይረዳዋል፤ በመጀመሪያ የሚፈለግበት ደረጃም የዲፕሎማት ደረጃ አይደለም። በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ እስከዚያ የተማረ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም። ሆኖም የሁለቱ ቋንቋዎች ርቀት ከየትኛውም ወገን ቢለካ ያው ርቀት ነው። አንድ መንግሥት ለራሱ ሠራተኛ 1,100 ሰዓት ከነደመወዙ ሲመድብ አባካኝ አይባልም። አንዲት ስደተኛ እናት ግን ከዚያ እኩሌታ በማይሞላ ሰዓት፣ ያለ ደመወዝና ልጇን አዝላ መማር ባትችል «ለመማር ፈቃደኛ አይደለችም» ትባላለች። እዚህ ላይ የሚታየው ልዩነት የትጋት ልዩነት ሳይሆን የሁኔታ ልዩነት መሆኑን መገንዘብ ያሻል።

የአውስትራሊያ መንግሥት ጉዳዩን መርምሮ ከ2021 ጀምሮ የ510 ሰዓቱን ገደብ አንሥቶአል፤ የተማሪው ትምህርት የሚያበቃበትንም የቋንቋ ደረጃ ከፍ አድርጎአል። ቀደም ብለው የገቡና ጊዜያቸው ያለፈባቸው ሰዎችም ተመልሰው እንዲማሩ ተፈቀደላቸው። ይህ ውሳኔ ሰዓት ቆጥሮ ከመስጠት ይልቅ ሰውየው የደረሰበትን ደረጃ ማየት እንደሚሻል የተገነዘበ ውሳኔ ነው። ሰዓቱ ቢበዛም ግን ተማሪው ወደ ክፍሉ የሚመጣበት መንገድ ካልተመቻቸለት ትርፉ የወረቀት ላይ ትርፍ ይሆናል።

ሥራ ወይስ ቋንቋ

በአሜሪካ የ1980ው የስደተኞች ሕግ የእንግሊዝኛ ሥልጠናን ከመቋቋሚያ አገልግሎቶች አንዱ አድርጎ ደንግጎአል። በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ በሱዳን በኩል ያለፉ ብዙ ኢትዮጵያውያን በዚሁ ሕግ መሠረት ወደ አሜሪካ ገብተዋል። ይኸው ሕግ ስደተኛው በተቻለ ፍጥነት ራሱን እንዲችል ማድረግንም ዓላማው አድርጎ አስፍሮአል። ሁለቱ ዓላማዎች በሕግ መጽሐፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይስማማሉ፤ በስደተኛው ቀን ውስጥ ግን በአንድ ሰዓት ላይ ይጣላሉ። ሥራ የያዘ ሰው ክፍሉን ይተዋል፤ ክፍሉን የያዘ ሰው ኪራዩን አይከፍልም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው ቤተሰብ ለሌላቸውና ለመሰሎቻቸው ስደተኞች የሚሰጠው የገንዘብ ርዳታ ታሪክ ነው። ሕጉ ሲወጣ ርዳታው እስከ 36 ወር ሊደርስ ይችል ነበር። በ1982 ወደ 18 ወር፣ በ1988 ወደ 12 ወር፣ በ1991 ወደ 8 ወር ወርዶአል፤ ከዚያም ወዲህ ሲረዝምና ሲያጥር ቆይቶአል። ርዳታው ባጠረ ቁጥር ሰውየው ያገኘውን የመጀመሪያ ሥራ ለመያዝ ይገደዳል። የመጀመሪያው ሥራ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንግሊዝኛ የማይጠይቅ፣ እንግሊዝኛም የማያስተምር ሥራ ነው። በሆቴል አልጋ የምታነጥፍ፣ በመኪና ማቆሚያ ሌሊት የሚያድር፣ በፋብሪካ ድምፅ መካከል የሚውል ሰው ከማን ጋር ቋንቋ ይለማመዳል? በዚህ መንገድ ዓመታት ያልፋሉ፤ ለጊዜው ተብሎ የተያዘው ሥራም ቋሚ ይሆናል።

ከሥራ ጋር ተጣምሮ የሚሰጥ ትምህርት ለዚህ ችግር አንድ መፍትሔ ሆኖ ታይቶአል። በቨርጂኒያ በአርሊንግተን አውራጃ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በ1975 ከኢንዶቻይና ለመጡ ስደተኞች የተጀመረው ፕሮግራም ከስሙ ጀምሮ ትምህርትንና ሥራን አብሮ የያዘ ነበር። በኋላም በአካባቢው የሰፈሩ የብዙ አገር ሰዎች ተምረውበታል።

በእንግሊዝ የተደረገው ለውጥ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ትምህርት ይሰጣል። እስከ 2007 ድረስ ለጎልማሶች የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ትምህርት በሰፊው ነጻ ነበር። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ነጻነቱ በተወሰነ የመንግሥት ድጎማ ለሚኖሩና ለመሳሰሉት ብቻ ተወስኖ፣ የቀሩት የትምህርቱን ዋጋ በከፊል እንዲከፍሉ ተደረገ። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠባበቅ ሰው ደግሞ መንግሥት የሚደግፈውን ትምህርት ለማግኘት በመጀመሪያ ስድስት ወር መጠበቅ አለበት። ሰው አዲስ አገር በገባባቸው የመጀመሪያ ወራት የመማር ፍላጎቱ ከሁሉ ጊዜ የበለጠ ነው፤ ሥራ እንዲሠራም ስለማይፈቀድለት ጊዜ ያለው በዚያን ወቅት ነው። በሩ የተዘጋው እንግዲህ ተማሪው ዋጋውን በቀላሉ ሊከፍል በሚችልበት ሰዓት ላይ ነው።

በክፍሉ ውስጥ

ክቡራን የሙያ ባልደረቦች፤ እስካሁን የተነገረው መንግሥታት ስለሚወስኑት ነገር ነው። መምህራንና አስተርጓሚዎች በራሳቸው ሥልጣን ሊያደርጉት የሚችሉትም ነገር ጥቂት አይደለም። ተማሪው በብዙ ዋጋ የገዛው ሰዓት በክፍሉ ውስጥ እንዳይባክን ማድረግ የእነርሱ ድርሻ ነውና።

አማርኛ ተናጋሪው ተማሪ ወደ ክፍሉ ሲገባ ከእርሱ ጋር የሚገቡ ነገሮች አሉ። ከእነዚህ የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ኢትዮጵያዊው ቀኑን የሚቆጥረው ፀሐይ ስትወጣ ጀምሮ ስለ ሆነ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ከጠዋቱ 8 የሆነው ለእርሱ 2 ሰዓት ነው። የሐኪም ቀጠሮዋ ለጠዋቱ 8 የተጻፈላት ሴት ቁጥሩን በለመደችው አቆጣጠር አንብባ ከቀትር በኋላ ብትሄድ ቀጠሮዋ ያልፋል፤ ከቀትር በኋላ ለ2 ተብሎ የተጻፈላት ደግሞ ማልዳ ሄዳ ስድስት ሰዓት ትቀመጣለች። ይህ የቋንቋ ስሕተት አይደለም፤ የቃሉ ትርጉም ገብቶአታል፤ ያልተነገራት የአቆጣጠሩ ልዩነት ነው። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ የአማርኛ ማብራሪያ የብዙ ቀጠሮዎችን መበላሸት ያስቀራል።

ሁለተኛው ስምና የልደት ቀን ነው። ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም የለውም፤ ከስሙ ቀጥሎ የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። ቅጽ ሲሞላ ግን የአባቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይመዘገባል። ባል፣ ሚስትና ልጅ ሦስት የተለያየ የቤተሰብ ስም ያላቸው ሆነው ስለሚታዩ፣ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ እናቲቱ የልጁ እናት መሆኗን ትጠራጠራለች። የልደት ቀኑ በትክክል ያልታወቀ ስደተኛም ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 1 እንደ ተወለደ ይጻፋል። ስለዚህ ቅጽ መሙላት እንደ ቀላል ነገር በመጀመሪያው ሳምንት ተነክቶ የሚታለፍ ትምህርት ሊሆን አይገባም። ተማሪው በአዲሱ አገር የሚታወቅበት ማንነት የሚጻፈው በዚያ ወረቀት ላይ ነው።

ሦስተኛው የቋንቋው ባሕርይ ራሱ ነው። እንግሊዝኛ በአናባቢው አጭርነትና ረጅምነት ቃላትን ይለያል፤ የአማርኛ ፊደል ግን ይህን ልዩነት አያሳይም። በእንግሊዝኛ መርከብ ማለት የሆነው ቃልና በግ ማለት የሆነው ቃል በፊደል ሲጻፉ ሁለቱም «ሺፕ» ናቸው። የእንግሊዝኛን ቃል በፊደል እየጻፈ የሚያጠና ተማሪ ብልህ ዘዴ ነው የተጠቀመው፤ የዘዴው ድንበር የት እንደ ሆነ ግን ሊነገረው ይገባል። በሌላ በኩል፣ የአማርኛ አንባቢ ያልተጻፈውን የማንበብ ልማድ አለው። «ገና» የሚለው ቃል ሲጠብቅ በዓል፣ ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን የሚገልጽ ቃል መሆኑን ፊደሉ ሳይነግረው ከዐረፍተ ነገሩ ይለያል። ጽሕፈቱና ድምፁ በማይስማሙበት በእንግሊዝኛ ንባብ ውስጥ ይህ ልማድ ታላቅ ስንቅ ነው፤ ይህን ለተማሪው የሚያመለክት መምህር ካለ ማለት ነው።

አራተኛው አክብሮት ነው። አማርኛ «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» እያለ የሚለየውን ሰው እንግሊዝኛ በአንድ ቃል ይጠራዋል። በመንደሯ «እማማ» እየተባለች የኖረች አሮጊት በልጅ ልጇ ዕድሜ ያለ አስተማሪ በስሟ ብቻ ሲጠራት ትደነግጣለች። ራሷም አስተማሪውን ያለ ማዕረግ ለመጥራት አፏ አይፈታም። በመምህር ፊት ዝም ማለት፣ ዓይንን ዝቅ ማድረግ፣ «አልገባኝም» ብሎ መምህሩን አለማሳጣት እርሷ ባደገችበት ሥርዓት የጨዋነት ምልክት ነው። ባህሉን የማያውቅ መምህር ይህን ዝምታ እንደ መረዳት ወይም እንደ ግድ የለሽነት ሊቆጥረው ይችላል። አዎን ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስባ «እ» ስትልም ያመማት መስሎት ይደነግጣል። በእንደዚህ ያለ አለመግባባት የሚባክነው ሰዓት በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ ላይ አይታይም።

ከሁሉ የበለጠ ትኩረት የሚሻው ግን በየትኛውም ቋንቋ ማንበብና መጻፍ ያልተማረው ጎልማሳ ነው። ይህ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይማራል፤ ማንበብን ይማራል፣ የማያውቀውንም ቋንቋ ይማራል። ገና ያልሰማውን ቃል እንዲያነብ ማስገደድ መሠረት ሳይጣል ግድግዳ እንደ ማቆም ነው። በ1971 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከአማርኛ ሌላ በብዙ የአገሪቱ ቋንቋዎች የተካሄደው፣ ጎልማሳ ሰው ፊደልን የሚለየው በሚሰማው ቋንቋ ሲሆን መሆኑ ስለ ታመነበት ነው። ያን ዘመቻ የሚያስታውሱ መምህራን ጎልማሳን ማስተማር ምን ያህል የገበሬውን የሥራ ወቅትና የእናቲቱን የቤት ውሎ ማወቅ እንደሚጠይቅ ያውቃሉ። ይህ ዕውቀት ድንበር ሲሻገር ዋጋውን አያጣም። ለእንደዚህ ያሉ ተማሪዎች በፊደል ጀምሮ ወደ ላቲን ሆሄያት መሻገር፣ ወይም ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት ንግግርን ከንባብ ማስቀደም ተገቢ ነው።

ልጅ የእናቱ አፍ ሲሆን

ትምህርቱ ሳይሳካ ሲቀር ዋጋውን የሚከፍለው ተማሪው ብቻ አይደለም። ሕፃናት ቋንቋን ከወላጆቻቸው ፈጥነው እንደሚማሩ በየቤቱ የሚታይ ነገር ነው። በመሆኑም የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን ሕመም ለሐኪም፣ የሐኪሙንም ቃል ለእናቱ የሚያስተላልፍ አስተርጓሚ ይሆናል። እናት ለልጇ ልትነግረው የማይገባትን ነገር በልጇ አፍ ታስነግራለች፤ ወይም አፍራ ትደብቀዋለች፤ ሐኪሙም ሳያውቀው ይቀራል። ከትምህርት ቤት የመጣን የወቀሳ ደብዳቤ የሚያነበው የተወቀሰው ልጅ ራሱ ሲሆን፣ ደብዳቤው ምስጋና ሆኖ ሊተረጎም እንደሚችል ለመገመት ብዙ ምርምር አያስፈልግም።

በዚህ ጊዜ የሚጎዳው የቤቱ ሥርዓት ነው። ልጅ ወላጁን የሚሰማው ወላጁ ዓለምን ስለሚያውቅለት ጭምር ነው። ዓለምን የሚያውቀው ልጁ ሲሆን የወላጅ ቃል ክብደቱ ይቀንሳል። ልጁም በተራው ያለ ዕድሜው የቤት ኃላፊ ይሆናል፤ አማርኛው እየሳሳ ሲሄድና የእናቱ እንግሊዝኛ ሳያድግ ሲቀር፣ ስለ ዕለት ጉርስ እንጂ ስለ ልባቸው የሚነጋገሩበት ቋንቋ ያጣሉ። ለእናቲቱ እንግሊዝኛ የሥራ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን በገዛ ቤቷ እናት ሆና የምትቀጥልበት መንገድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ሲባል ትምህርቱ አስተርጓሚን ይተካል ማለት አይደለም። አውስትራሊያ በ1973 የስልክ አስተርጓሚ አገልግሎት የጀመረችው የቋንቋ ትምህርቷን ሳታቋርጥ ነው። በዋሽንግተን ከተማ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ነዋሪዎች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ ዋና ዋና ጽሑፎች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎችም አንዱ አማርኛ ነው። በሕመምና በፍርድ ቤት ጉዳይ በቋንቋው ገና ያልተካነ ሰው በአስተርጓሚ መናገሩ መብቱ ሊሆን ይገባል። አስተርጓሚው ለዛሬ ነው፤ ትምህርቱ ለነገ ነው። በእጅ ስልክ የሚገኘው የትርጉም መሣሪያም የዕቃ ዋጋ ለመጠየቅ ይረዳል፤ ከአከራይ ጋር ለመከራከር፣ ልጅን ለመምከር ወይም ጎረቤትን ለማጽናናት ግን አይበቃም።

ለማኅበሩ አባላት የሚቀርብ ሐሳብ

ከላይ ከተዘረዘረው ተነሥቶ አራት ነገሮችን ለአባላቱ ማሳሰብ ይቻላል።

አንደኛ፤ የማንኛውም ነጻ የቋንቋ ክፍል ስኬት በተመዘገቡት ሰዎች ቁጥር ሳይሆን እስከ መጨረሻው በቆዩት ሊመዘን ይገባል። ያቋረጠ ተማሪም «ሰነፈ» ተብሎ ከመዝገብ ከመሰረዙ በፊት፣ ያቋረጠበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ሊጠየቅና ሊጻፍ ይገባል። ምክንያቱ ፈረቃ ከሆነ ሰዓቱ፣ ሕፃን ከሆነ ማቆያው፣ ርቀት ከሆነ ቦታው መለወጥ ያለበት መሆኑን የሚያሳየው ያ ጽሑፍ ነው።

ሁለተኛ፤ ክፍሉ ተማሪው ወዳለበት ሊሄድ ይገባል። የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ የመስጊድ ግቢ፣ የማኅበረሰብ ማእከልና የሥራ ቦታ ከትምህርት ቤት ሕንጻ ይልቅ ለተማሪው የቀረቡ ናቸው። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርቱ በኢንተርኔት ሲሰጥ፣ ከቤት መውጣት የማይችሉ አንዳንድ እናቶች ዕድል አግኝተዋል፤ ማንበብ የማይችሉትና መሣሪያው የሌላቸው ግን ጨርሰው ቀርተዋል። ስለዚህ አንዱ መንገድ ሌላውን እንዲደግፍ እንጂ እንዲተካ መደረግ የለበትም።

ሦስተኛ፤ በጀማሪዎች ክፍል ውስጥ የተማሪውን ቋንቋ የሚያውቅ ረዳት እንዲኖር አባላቱ በየተቋማቸው ሊጠይቁ ይገባል። ረዳቱ ትምህርቱን ሁሉ በአማርኛ እንዲተረጉም አይፈለግም። ሰዓቱን፣ ቅጹንና «አልገባኝም» ማለት ነውር አለመሆኑን በመጀመሪያው ሳምንት ቢያስረዳ በብዙ ወራት የማይገኝ ጥቅም ያስገኛል።

አራተኛ፤ በጎ ፈቃደኛ አስተማሪዎች በቅንነት ብቻ ወደ ክፍል እንዳይገቡ፣ ጎልማሳን የማስተማር ዘዴ አጭር ሥልጠና ሊሰጣቸው ይገባል። ደመወዝ የማይቀበል አስተማሪ የሚያባክነው ሰዓት የራሱ ብቻ አይደለም፤ ከሥራና ከእንቅልፍ ተቆርጦ የመጣውን የተማሪ ሰዓት ጭምር ነው።

በመጨረሻም፣ ያለ ክፍያ ትምህርት መስጠት ከሰጪው ወገን ታላቅ ልግስና መሆኑ የማይካድ ነው። ከኸል ሐውስ እስከ ቦኔጊላ፣ ከዚያም እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ሥራ የደከሙ ሁሉ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ልግስናው ፍሬ የሚያፈራው ተማሪው በበኩሉ የሚከፍለው ዋጋ ሲታወቅለትና ሲቀነስለት ነው። ይህን ዋጋ በቅርብ የሚያዩት ደግሞ ከተማሪው ጋር በአንድ ክፍል የሚውሉት መምህራንና በአንድ ወንበር ጎን የሚቀመጡት አስተርጓሚዎች ናቸው። ያዩትን በጽሑፍ አድርገው በጀት ለሚመድቡት ክፍሎች ማቅረብ ከሙያ ግዴታቸው አንዱ መሆኑ ታውቆ፣ ማኅበሩ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ በዚህ ረገድ የአባላቱን ማስታወሻ የሚሰበስብበትን መንገድ እንዲያዘጋጅ በአክብሮት ይጠየቃል።